ጉርድ ፎቶ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የእኅቴ ልጅ ደወለልኝ። በቅርቡ የተመረቀ ጤና መኮንን ነው፤ መርሳ አካባቢ ተመድቦ ይሠራል። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ፣ «ጋሼ፣ ለብጉር ብለው ካርድ አውጥተው ወረፋ የሚይዙትን ምን ልበላቸው? ከኋላቸው ስንት ወባ፣ ስንት ምጥ ይጠብቀኛል» አለኝ። «ማታ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ማታ ግን አልደወልኩም። እንቅልፍም አልወሰደኝ። ጥያቄው የእሱ ቢሆንም ድምፁ የእኔ ነበር፤ የ1979 ዓ.ም. የእኔ ድምፅ።

ያኔ ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ከደሴ ብዙ በማትርቅ አንዲት ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ከኮረም መጠለያ ከተመለስኩ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። የ77ቱን ድርቅ ያላየ ሰው ምን እንደምል አይገባውም። ሕፃን በእጄ ላይ እያለ ትንፋሹ ሲቋረጥ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የማየውን ሁሉ በዚያ ነበር የምለካው። ሰው ራሴን አመመኝ ሲለኝ በልቤ «አንተስ ቆመህ ሄደሃል» እል ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ መጣች፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሥር ተከናንባ ስትመጣ ያ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሁለቱን ጊዜ ወረፋ ሳይደርሳት ተመልሳለች። በሩ ክፍት ነው፣ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ አሥር አሥራ አምስት ሰው ተቀምጧል። «ምንሽን ነው?» አልኳት። «ፊቴን» አለች። ግለጭው ስላት ወደ በሩ ዞራ አየች። በሩን እንድዘጋላት ነበር የፈለገችው። ያኔ አልገባኝም፤ «ግለጭው እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አልኳት።

ገለጠችው። ጉንጯ ላይ መግል የቋጠሩ፣ ከቆዳዋ ሥር እንደ ባቄላ የጠጠሩ ነበሩ፤ በየመሐሉ ደግሞ የቀደሙት ትተውት የሄዱት ጥቁር ምልክት። ከአገጯ ሥር በሎሚ የተላጠ ቦታ አለ፤ ሎሚና የጥርስ ሳሙና ቀብታበት ኖሯል። እኔም ጮክ ብዬ፣ «ይሄማ ብጉር ነው፤ ስታገቢ ይጠፋል» አልኳት። አግዳሚው ሳቀ። አንዲት እናት ብቻ «አብሽሪ ልጄ» አሏት። የዓይን ቅባት የሆነውን ቴትራሳይክሊን አንድ ቱቦ ሰጠኋት፤ ባዶ እጇን እንዳትሄድ ያህል ነው እንጂ እንደማያድናት አውቅ ነበር። ካርዷ ላይ «ብጉር፤ ምክር ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ምክር ብዬ መጻፌ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ነጠላዋን መልሳ ተከናነበች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ስትቀር ጊዜ ተሽሏታል አልኩ።

ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ገበሬ ማጭድ እጁን ቆርጦት መጣ። ስሰፋው ሕመሙን እንዲረሳ ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት። ሴት ልጁ ከክፍሏ አንደኛ እንደነበረች ነገረኝ። ለማትሪክ ምዝገባ ጉርድ ፎቶ አምጪ ተባለች። ሁለት ጊዜ ደሴ ወሰዳት፤ ሁለት ጊዜም ከፎቶ ቤቱ በር ላይ ተመለሰች። ቢቆጣትም ቢለምናትም እምቢ አለች፤ የምዝገባው ቀን አለፈ። «እኔ ድርቅና ነው ብዬ ነበር» አለ፤ «ፊቷን ታማ እንደሆነም ብዬ ሐኪም ዘንድ ልኬያታለሁ። ሐኪሙ ግን ምንም የለብሽም ብሏታል።»

መርፌው እጄ ላይ ነበር። ሐኪሙ እኔ ነኝ አላልኩም። ሁለት ስፌት ቀርቶኝ ነበር፤ ሰፋሁለት፣ ጠቀለልኩለት፣ ሸኘሁት። እሷ ግን አሰብ ያለ ዘመድ ዘንድ ሄዳለች ብሎኛል። ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ የሰማሁት የለም።

እዚህ ላይ የባሰው ምን መሰላችሁ? ስለ ቆዳና ስለ ሐፍረት ያልተማርኩ ሰው አልነበርኩም። በሥልጠናዬ ጊዜ ቦሩ ሜዳ ሥጋ ደዌ ሕሙማን ዘንድ ወስደውናል። መድኃኒቱን ጨርሶ የዳነ ሰው አገኘን። ከማንም ጋር ቢቀመጥ የሚያጋባው ነገር የለም፤ ቀዬው ግን ስኒውን ለይቶ አስቀምጦለታል፤ እሱ የጠጣበትን ማንም አይጠጣበትም። በሽታው ለቅቆት ስኒው ያልለቀቀው ሰው። ያን ቀን አልቅሻለሁ። የሰው ዓይን እንዴት እንደሚያሳምም ከዚያ ሰው ተምሬ፣ ያንኑ ዓይን በገዛ ክፍሌ በር ላይ ሰብስቤ ለአንዲት ልጅ አቀረብኩላት። ትልቁን መከራ ማየት ለትንሹ ያሳውራል ለካ።

አገሩም ወሎ ነው። ባቲውም አምባሰሉም አንቺ ሆዬውም ፊት የሚያወድስ አገር ነው። ሰርግ ላይ ሴት ልጅ በዘፈን መልኳ ይቆጠራል። እዚህ ተወልዳ በ17 ዓመቷ ፊቷ የተበላሸባት ልጅ የምትከፍለውን ሌላ አገር ያለች ላትከፍለው ትችላለች።

በኋላ፣ ነርስነት ተምሬ ማንበብ ስጀምር፣ በዌልስ ካርዲፍ ፊንሌይና ካን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡትን መጠይቅ አገኘሁ። አሥር ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከ0 እስከ 30 ይቆጠራል። ያለፈው ሳምንት ቆዳህ ምን ያህል አሳፈረህ? የምትለብሰውን አስለወጠህ? ከሰው ጋር ከመዋል፣ ከሥራ፣ ከትምህርት አስቀረህ? ይላል። ብጉሩን አይቆጥርም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሆስፒታል የሚታከሙ ባለ ብጉሮች የሚደርስባቸው የስሜትና የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳት አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ስኳር ካለባቸው ሰዎች ጋር የሚስተካከል መሆኑን አሳየ። ይህን ሳነብ አግዳሚው ላይ የሳቁት ሰዎች ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ጥቂት ብጉር ያለባት ቤት ስትዘጋ፣ ፊቱን የሞላው ደግሞ ኳስ ሲጫወት ይውላል። ስለዚህ ፊት አይቶ ሕመሙን መገመት አይቻልም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ እናንተ ትውልድ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ጊዜ መስታወት በቤት አንድ ነበር፤ እናንተ በኪሳችሁ ይዛችሁት ትዞራላችሁ። ስልኩ ብጉሩን አጥፍቶ ያሳያችኋል፤ ከዚያ ያንን ፊት ከራሳችሁ ታስበልጣላችሁ። ለመልክ መጨነቅ አብዝታችኋል ልል ነበር። ግን ያቺ ልጅ ስልክ አልነበራትም፤ ምናልባት ቤታቸው መስታወትም አልነበረ። እናንተንም ቶሎ መፍረዴ ያው የድሮው ችኮላዬ ሳይሆን አይቀርም።

ፊት ታጠቡ፣ አታፍርጡ የሚለውን ሁሉ ሰምታችሁታል፤ አልደግመውም። ቅባቱን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ከመዋቢያ ሱቅ ፊት ያነጣል ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል፣ ሐኪም ለቆዳ በሽታ የሚያዝዘው ኃይለኛ መድኃኒት (ስቴሮይድ) አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያማረ ያስመስላል፤ ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳል፣ ብጉሩን ራሱ ያወጣል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ብሶ ይመጣል። ለብጉር የሚሆኑት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና አዳፓሊን ናቸው፤ መጀመሪያ ያደርቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ውጤታቸው የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ነው። ብዙ ልጆች በሦስተኛው ሳምንት የሚጥሉት ይህን ስለማይነገራቸው ነው። ጠባሳ ለሚተወው ከባድ ብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚባል ኪኒን አለ፤ ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ያለ ሐኪም ክትትል አይነካም። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ብጉሩ ድኖ ምልክቱ ለወራት ይቆያል፤ ያ ምልክት ጠባሳ አይደለም፣ በጊዜ ይደበዝዛል።

«ይጠፋል» አትበሉ ልላችሁ ነበር፤ እውነቱ ግን አብዛኛው በዕድሜ ይጠፋል። ያቺም ልጅ ኋላ ጠፍቶላት ይሆናል። ማትሪኩ ግን በዚያ ዓመት ነበር።

ዛሬ ማታ ለእኅቴ ልጅ እደውላለሁ። የሚሠራበት ክፍል በሩ ይዘጋ እንደሆነ ነው መጀመሪያ የምጠይቀው።