የድራግ ሞተር ሱፐርቻርጀርን የሚያዞረው ምንድን ነው? ጥያቄና መልስ

ስለ ድራግ ሞተሮች፣ በአጭር ቀጥተኛ መንገድ ላይ ለፍጥነት ስለሚወዳደሩ መኪኖች ሞተር፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሱፐርቻርጀሩን በሚያዞሩት ዕቃዎች ላይ ናቸው፤ ቺንጋው፣ ፑሊው፣ ኩሽኔታው። በጣም ደስ ብሎኛል። ሰው ገንዘቡን ብሎወሩ (ሱፐርቻርጀሩ) ላይ ያፈስና ለቺንጋው ሲደርስ ይቆጥባል። ብዙ ሞተር የሚበላሸው ደግሞ እዚያ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ሱፐርቻርጀርና ተርቦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሁለቱም አየር አጭቀው ወደ ሞተሩ ያስገባሉ። ተርቦን የሚያዞረው የሚወጣው ጭስ ነው። ሱፐርቻርጀርን የሚያዞረው ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ራሱ ነው፣ በቺንጋ ወይም በጊር። ስለዚህ ጉልበት ከመስጠቱ በፊት ጉልበት ይወስዳል። ቶፕ ፊውል በሚባለው ትልቁ ምድብ ብሎወሩን ለማዞር ብቻ ብዙ መቶ የፈረስ ጉልበት ይሄዳል። ያ ሁሉ የሚተላለፈው በአንድ ቺንጋ መሆኑን አስቡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 6-71፣ 8-71፣ 14-71 የሚሉት ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

ታሪኩ ደስ ይላል። የሩትስ ወንድማማቾች በአሜሪካ ኢንዲያና እ.ኤ.አ. በ1860 አየር የሚገፋ ማሽን ፈጠሩ። ለመኪና አልነበረም፤ መኪና ራሱ ገና አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1938 ጄኔራል ሞተርስ ባለ ሁለት ምት የናፍጣ ሞተር አወጣ። ይህ ሞተር አየር በራሱ መሳብ አይችልም። ስለዚህ የሩትስ ዓይነት ብሎወር ተገጠመለት። 71 የአንዱ ሲሊንደር መጠን ነው፣ በኪዩቢክ ኢንች፤ 1.16 ሊትር ገደማ ይሆናል። 6 የሲሊንደሩ ብዛት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካሊፎርኒያ ወጣቶች ብሎወሩን ከአሮጌ የጭነት መኪና እየፈቱ በቤንዚን ሞተር ላይ ገጠሙት። ዛሬ ቶፕ ፊውል ላይ የሚታየው 14-71 ግን ከናፍጣ ሞተር የወረደ አይደለም። አሥራ አራት ሲሊንደር ያለው እንዲህ ያለ ናፍጣ አልነበረም። ለውድድር ተብሎ ሲተልቅ አቆጣጠሩን ቀጠሉበት እንጂ።

ጥያቄ፦ ኦቨርድራይቭ 20 በመቶ ሲሉ እንዴት ነው የሚሰላው?

የታችኛውን (የክራንኩን) ፑሊ ጥርስ ለላይኛው (ለብሎወሩ) አካፍል። ታች 60፣ ላይ 50 ከሆነ 1.2 ይመጣል። ብሎወሩ ከክራንኩ 20 በመቶ ፈጥኖ ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 8,000 ሲዞር ብሎወሩ 9,600 ይዞራል። ላይኛውን በ49 ብትቀይረው ወደ 9,800 ይጠጋል። አንዲት ጥርስ ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለች። ቦታቸውን ብትገለብጣቸው ደግሞ ብሎወሩ ከክራንኩ ዘግይቶ ይዞራል።

ግን ተጠንቀቅ። የሩትስ ብሎወር ፍጥነት ሲጨመርበት አየሩን በጣም ያሞቀዋል። የሞቀ አየር ቀጭን ነው፤ ፒስተንም ያቃጥላል። ፑሊ ከመቀየርህ በፊት ነዳጁንና የእሳቱን ሰዓት አስተካክል።

ጥያቄ፦ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምኖረው። ዴንቨር ላይ ሞተር ይደክማል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው ወንድሜ። ዴንቨር አጠገብ የነበረው የድራግ መወዳደሪያ፣ ባንዲሜር ስፒድዌይ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 እስኪዘጋ ድረስ የሚወዳደሩበት ከባሕር ጠለል 1,770 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር። አየሩ ስስ ነው። ባለ ብሎወር ቡድኖች የጎደለውን አየር ለማካካስ ፑሊ ቀይረው ብሎወሩን አፍጥነው ያዞሩ ነበር። አዲስ አበባማ ወደ 2,350 ሜትር ትጠጋለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እዚህ አዲስ አበባ በቤት መኪናዬ ላይ ብሎወር ብገጥምስ?

አልመክርህም። ሞተሩ ለዚያ ግፊት አልተሠራም። መንገዱም የመወዳደሪያ ቦታ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቺንጋው ምን ያህል መጥበቅ አለበት? መካኒኩ ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚነግረኝ።

ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ተራ የመኪና ቺንጋ የሚጎትተው በመጥበቁ ነው። የብሎወር ቺንጋ ግን ጥርስ አለው፤ የሚጎትተው በጥርሱ ነው። ስለዚህ ያን ያህል መወጠር አያስፈልገውም። ሌላው ነገር ሙቀት ነው። ብሎኩ፣ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) እና የብሎወሩ ቤት አሉሚኒየም ከሆኑ ሲሞቁ ያድጋሉ። ያኔ ሁለቱ ፑሊዎች ይራራቃሉ። በቀዝቃዛው አጥብቀህ ያሰርከው ቺንጋ ሲሞቅ እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። መጀመሪያ የሚጎዳው የብሎወሩ አፍንጫ (የፊት ጫፉ) ላይ ያለው ኩሽኔታ ነው። ቀጥሎ የክራንክሻፍቱ ፊተኛ ብሮንዚን ይበላል። ክራንኩ ራሱ አፍንጫው ላይ የሚሰነጠቅበት ጊዜም አለ።

ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ላላ አድርገህ ግጠመው፤ በጣት ስትጫነው ግልጽ ሆኖ ይግባ። ሞቆ ከቆመ በኋላ እንደገና እየው። ከመጠን በላይ ከላላ ደግሞ ጥርስ ይዘላል። መወጠሪያውን ፑሊ የምታስቀምጠው በላላው ወገን ነው፤ ክራንኩ ወደ ታች በሚስበው ወገን ሳይሆን ወደ ላይ በሚመለሰው። እዚያ ቺንጋውን ወደ ውስጥ ሲገፋው ፑሊዎቹን ይበልጥ እንዲያቅፍ ያደርገዋል። ብዙ ጥርስ ሲያዝ ጭነቱ ይከፋፈላል።

ጥያቄ፦ ቺንጋዬ ሁልጊዜ በአንድ ጠርዝ በኩል ይበላል።

ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ቀጥ ያለ ብረት ከላይኛው ወደ ታችኛው አስደግፍና እይ። የመወጠሪያው እጅም ጭነት ሲመጣ ይታጠፍ እንደሆነ ፈትሽ፤ ቀጭን ከሆነ ቆሞ ትክክል ይመስላል፣ ሲሮጥ ይጣመማል።

ጥያቄ፦ ውድድር መሃል ቢበጠስስ?

አየሩ ወዲያው ይቀንሳል። የነዳጅ ፓምፑ ግን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ናይትሮሜቴን በሚባለው የውድድር ነዳጅ በሚሠራ ሞተር ይህ አደገኛ ነው፤ ሲሊንደሩ በፈሳሽ ይሞላል፣ ፈሳሽ ደግሞ አይጨመቅም። እግርህን ከነዳጅ መርገጫው ላይ ወዲያው አንሳ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ያለሁት። እዚህ ብዙዎቹ ሴንትሪፉጋል ነው የሚገጥሙት። የእሱስ?

ሴንትሪፉጋል አየሩን በሚሽከረከር ክንፍ የሚገፋ ሱፐርቻርጀር ነው። ውስጡ ጊር አለው፤ ክንፉ በደቂቃ በአሥር ሺዎች ዙር ይዞራል። ጉልበት ሲበዛ ቺንጋው ይንሸራተታል። ስለዚህ ከባዶቹ የውድድር መኪኖች ቺንጋውን ትተው ከክራንኩ ፊት በቀጥታ በጊር ያዞሩታል። መንሸራተት የለም፤ ግን ጉድለት ሲኖር የሚያለሳልስለት ነገርም የለም።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ዶሃ ውስጥ በባለ ብሎወር መኪና ይወዳደራል። ብሎወር ይፈነዳል ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ።

እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ፍንዳታው የሚመጣው ለምሳሌ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ ተሰብሮ ወይም ተይዞ ሳይዘጋ ሲቀር ነው። እሳቱ ወደ ማኒፎልዱ ይመለስና እዚያ የተጠራቀመውን ነዳጅ ያቀጣጥላል። ሦስት ነገር እንዲያሳይሽ ጠይቂው። አንደኛ፣ ግፊት ሲበዛ ቀድሞ የሚቀደድ የማስተንፈሻ ሰሌዳ ማኒፎልዱ ላይ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ብሎወሩ ቢነቀል ይዞ የሚያስቀረው የማሰሪያ ቀበቶ ታስሯል ወይ? ኤስኤፍአይ (የውድድር ዕቃዎች የደህንነት ደረጃ የሚያወጣ ድርጅት) የሚል ምልክት ይኑረው፣ ቀኑም ያላለፈ ይሁን። ሦስተኛ፣ የብሎወሩ ቡሎኖች ምንድን ናቸው? ጠንካራ ብረት ይሻላል የሚል ሰው ይኖራል፤ ተሳስቷል። ለቀቅ የሚሉ የአሉሚኒየም ቡሎኖች የሚገጠሙት ብሎወሩ ተነስቶ ግፊቱ እንዲወጣና ቀበቶው እንዲይዘው ነው። አንዱ ከጎደለ እስኪሟላ አይነዳ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የብሎወር ቺንጋ በርካሽ አገኘሁ። ልግዛ?

አትግዛ። የውስጡ ክር መዳከሙ ከላይ አይታይም። ያገለገለ ፑሊ ግን መግዛት ትችላለህ፤ ጥርሱ እንደ ምላጭ ያልሾለ፣ የክራንክ ቀዳዳው ዙሪያ ያልተሰነጠቀ መሆኑን በብርሃን አይተህ።