የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የዶላር ሒሳብ የት ይስታል?

ጥያቄ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ «ብር በ30 በመቶ ወረደ» ተባለ። ጓደኛዬ ግን 23 በመቶ ነው ይላል። ማን ነው ልክ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጓደኛዎ። በዋዜማው 1 ዶላር 57.5 ብር ገደማ ነበር፤ በዕለቱ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መግዣ ወደ 74.7 ወጣ። 74.7 ለ57.5 ሲካፈል 1.30 ይሆናል፤ በ30 በመቶ የተወደደው ዶላሩ ነው። የብሩን ለማወቅ ስሌቱን ይገልብጡት፦ 57.5 ለ74.7 ሲካፈል 0.77 ነው፤ ብሩ 23 በመቶ ወረደ ማለት ነው። ለውጡ ሲሰፋ ስሕተቱም ይሰፋል። በመስከረም 1985 ተመኑ ከ2.07 ወደ 5.00 ሲዘል ዶላር 142 በመቶ ተወደደ፣ ብር ደግሞ 59 በመቶ ወረደ። አንድ ገንዘብ ከ100 በመቶ በላይ ሊወርድ ስለማይችል፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ካዩ ስሌቱ አልተገለበጠም።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ጥናቴ ምንዛሪ በኢትዮጵያ የወጪ ንግድ ላይ ስላለው ተጽዕኖ ነው። ከ1985 እስከ 2015 ዓ.ም. ያለውን ዓመታዊ የባንክ ተመንና የኤክስፖርት ገቢ በዶላር ወስጄ ስሠራ፣ የብር መዳከም ኤክስፖርትን አይጨምርም የሚል ውጤት ወጣ። አማካሪዬ አልተቀበሉኝም። ምን ላስተካክል? (የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አማካሪዎ መጠራጠራቸው ተገቢ ነው። ሞዴሉን ከመቀየርዎ በፊት መረጃዎን ይመርምሩ።

ላኪ የሚያስበው በዶላሩ ስንት ብር እንደሚያገኝ ብቻ አይደለም፤ ብሩ ምን ይገዛልኛል የሚለውንም ነው። ስለዚህ ሪል ተመን (የሁለቱን አገሮች የዋጋ ለውጥ ያገናዘበ ተመን) ያስፈልግዎታል፦ የዶላርን የብር ዋጋ በአሜሪካ የዋጋ ኢንዴክስ (አጠቃላይ የዋጋ ደረጃን በሚያሳየው ቁጥር) አባዝተው ለኢትዮጵያው ያካፍሉ። ሁሉም ከ100 ተነሥተው ዶላር 115፣ የአሜሪካ ዋጋ 104፣ የእኛ ዋጋ 130 ደረሱ እንበል። 115 በ104 ተባዝቶ ለ130 ሲካፈል 92 ይመጣል። በባንክ ሰሌዳ ላይ ብር ተዳክሟል፤ ላኪው ግን ዕቃው በአሜሪካ ዋጋ ልክ ቢወደድለት እንኳ የገቢው የመግዛት አቅም በ8 በመቶ ቀንሷል። ሌሎች የንግድ ሸሪክ አገሮችን በድርሻቸው መዝኖ ማስገባት የተሻለ ነው። የዓለም የገንዘብ ድርጅትን የተዘጋጀ የሪል ተመን ኢንዴክስ ከወሰዱ ግን ይጠንቀቁ፤ በእሱ ቁጥሩ ሲጨምር ብር ጠነከረ ማለት ነው፣ እኛ አሁን ባሰላነው ደግሞ ተቃራኒው። ይህን ባለማየት ብቻ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ተገልብጦበት መደምደሚያው የተበላሸ ጥናት ጥቂት አይደለም።

ሌላው ትልቅ ክፍተት ጥቁር ገበያው ነው። በእነዚያ ዓመታት የባንኩ ተመን ብዙ አስመጪ ዶላር የሚያገኝበት ዋጋ አልነበረም። አንዳንድ ላኪዎች ቡናን በኪሳራ ሸጠው፣ ባገኙት የውጭ ምንዛሪ ዕቃ አስመጥተው ኪሳራውን ይሸፍኑ ነበር። እንዲህ ያለውን ላኪ የባንክ ተመን ብቻውን አያስረዳውም። ከጥቁር ገበያው ዋጋ የባንኩን ቀንሰው ለባንኩ ያካፍሉ፣ በ100 ያባዙና ራሱን የቻለ ተለዋዋጭ አድርገው ያስገቡት። ከ2016ቱ ለውጥ በኋላ የዕቃ ዋጋ በባንክ ተመኑ ልክ ያልዘለለውም በከፊል ለዚሁ ነው፤ ብዙ ዕቃ አስቀድሞ በጥቁር ገበያ ሒሳብ ይሸጥ ነበር።

የዘመን አቆጣጠሩንም ይፈትሹ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ስለዚህ የነሐሴ 2002ቱ የብር ምንዛሪ ቅነሳ የሚቆጠረው በ2003 በጀት ዓመት ነው። ጥናቱን ወደፊት ካራዘሙት ደግሞ የፈረንጆቹ 2024 አማካይ የሰባት ወር አሮጌና የአምስት ወር አዲስ ተመን ድብልቅ ይሆንብዎታል። ወርኃዊውን መረጃ ወስደው የራስዎን አማካይ ያውጡ።

ኤክስፖርቱን በዶላር ሳይሆን በቶን ይለኩ፤ በዶላር ከለኩት የዓለም ቡና ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ የምንዛሪ ውጤት ይመስልዎታል። አዲስ የተተከለ ቡና ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ስለሚፈጅ የዚያው ዓመት ውጤት ብቻ አይፈልጉ። 31 ዓመት 31 ምልከታ ነው፤ አራት አምስት ተለዋዋጭ ከነዘገየ ውጤታቸው ሲገቡበት አስተማማኝ ግምት ለማውጣት የሚበቃ መረጃ አይተርፍም። የሩብ ዓመት መረጃ ካገኙ ይጠቀሙ። የዩኒት ሩት ፍተሻም (ቁጥሩ ወደ አንድ የተረጋጋ አማካይ የሚመለስ መሆን አለመሆኑን የሚለየውን) አይዝለሉ፤ አብረው የሚያድጉ ሁለት ቁጥሮች ዝምድና ሳይኖራቸው የተዛመዱ ይመስላሉ።

ጥያቄ፦ ለእናቴ ገንዘብ የምልክበት ድርጅት «ክፍያ የለውም» ይላል። በእርግጥ ይሻለኛል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እንደሚልኩት መጠን ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ያለ ክፍያ በ150 ብር፣ ሌላው 4 ዶላር ወስዶ በ153 ብር ይመንዝር። ከኪስዎ 100 ዶላር ሲወጣ በመጀመሪያው እናትዎ 15,000 ብር፣ በሁለተኛው 14,688 ያገኛሉ። 300 ሲሆን ግን 45,000 እና 45,288 ይሆናል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት መለያ 204 ዶላር ነው፤ እሱም ክፍያውን በከፍተኛው ተመን አባዝቶ ለተመኖቹ ልዩነት በማካፈል የሚገኝ ነው። ሁለቱን ተመኖች በአንድ ሰዓት ይመልከቱ፤ ተመኑ በላኩበት ቀን የሚጸና ወይስ እናትዎ በሚቀበሉበት ቀን የሚሰላ መሆኑንም ከመላክዎ በፊት ይጠይቁ።