የወንዝ ዓሣ ጥያቄና መልስ፦ ባዶ እጅ የተመለሳችሁበት ቀንም ይመዝገብ

በመንጠቆ እያጠመዱ፣ የያዙትን በበጎ ፈቃድ መዝግበው ለዓሣ ተመራማሪዎች ከሚሰጡ አንባቢዎች የደረሱን ጥያቄዎች እነሆ።

ርዝመቱን የምለካው እስከ ጅራቱ ጫፍ ነው ወይስ እስከ መሀሉ?

ነጭ ዓሣን ጨምሮ ጅራቱ ለሁለት የተሰነጠቀ ዓሣ ከአፉ ጫፍ እስከ ስንጥቁ መሀል ይለካል። የጅራቱ ጫፎች ቶሎ ስለሚጎዱ እነሱን ተማምኖ መለካት አይቻልም። አምባዛ ጅራቱ ክብ ስለሆነ እስከ ጫፉ ይለኩት። የትኛውን እንደለኩ መዝገቡ ላይ ይጻፉ። መለኪያው ቀላል ነው፤ አንድ ሜትር ያህል ጣውላ፣ አንደኛው ጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ የተመታ እንጨት፣ ከላይ የተለጠፈ ሚሊሜትር ያለው ሜትር። ዜሮው ከቆመው እንጨት ጋር ልክ ካልገጠመ ስህተቱ በእያንዳንዱ ዓሣ ላይ ይደመራል። የልብስ ሰፊ ሜትር በዓሣው ሆድ ላይ አይዘርጉ፤ ሜትሩ የሆዱን ጉብታ ተከትሎ ስለሚሄድ የወፈረው ዓሣ ሁሉ ረጅም ይሆንልዎታል። ጣውላውንም እጅዎንም አስቀድመው ያርጥቡ፤ ደረቅ ነገር ገላውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል።

ትል ይሻላል ወይስ ማንኪያ መሳይ ብረት?

ለመዝገቡ ሁለቱም ይሆናሉ። የተጠቀሙበትን ይጻፉ፣ በየጊዜው አይለዋውጡ።

ቀኑን ሙሉ ቆሜ ምንም አልያዝኩም። እንዲህ ያለውን ቀን መላኩ ማንን ይጠቅማል?

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል፤ ጠያቂዎቹም ባዶውን ቀን እየጣሉ ጥሩውን ብቻ ይልካሉ። እባካችሁ ተዉት። ተመራማሪው የሚፈልገው ስንት ዓሣ እንደያዛችሁ ብቻ አይደለም፤ በስንት ሰዓት እንደያዛችሁትም ማወቅ አለበት። አንድ ሰው ዘንድሮ በ12 ሰዓት 12 ዓሣ ቢይዝ በሰዓት አንድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ 12 ዓሣ ለመያዝ 24 ሰዓት ከፈጀበት በሰዓት ግማሽ ሆኗል። ዓሣውን ብቻ ከቆጠርን ሁለቱ ዓመታት እኩል ናቸው፤ ባዶዎቹ ሰዓታት ከገቡ ግን መቀነሱ ይታያል። ባዶውን ቀን የጣለ ሰው ወንዙ ሲራቆት ደህና ነው ብሎ መስክሯል።

ስለዚህ ወንዙ ዳር እንደደረሳችሁ፣ መንጠቆው ውሃ ከመንካቱ በፊት፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የጀመራችሁበትን ሰዓት፣ የዘንጉን ብዛትና የመንጠቆውን የመጠን ቁጥር ጻፉ። ስትጨርሱ የጨረሳችሁበትን። ምሳ የበላችሁበት ሰዓት ይቀነስ። ሁለት ዘንግ ለሦስት ሰዓት ከተጣለ ስድስት የዘንግ ሰዓት ነው። ማታ ቤት ገብቶ በትዝታ መጻፍ አይሆንም፤ ዓሣ የተያዘበት ቀን አጭር፣ ያልተያዘበት ቀን ረጅም ሆኖ ነው የሚታወሰው። የመንጠቆው ቁጥር ያስፈለገውም ትልቅ መንጠቆ ጫጩቶቹን ስለማይዝ ነው። በመሀል ከለወጣችሁት ትንንሾቹ ዓሦች ያለቁ ወይም በድንገት የበዙ ይመስላል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ዓሣው ሁሉ ጥልቅ በሆነው ቦታ ይሰበሰባል። እዚያ ብቻ የሚያጠምድ ሰው፣ ከወንዙ ዓሣ ግማሹ ቢያልቅም፣ በሰዓት የሚይዘው ላይቀንስበት ይችላል። መድኃኒቱ ሦስት ወይም አራት ቦታ መርጦ፣ ደካማውንም ጨምሮ፣ በየተራ ወደ እነዚያው መመለስ ነው። ጥሩውን ቦታ እያሳደዱ መሄድ ለእራት እንጂ ለመዝገብ አይበጅም።

በነሐሴ ጉማራ ወንዝ አፍ ላይ ነጭ ዓሣ ሞልቷል። ብዙ መረጃ የሚገኘው ያኔ ስለሆነ ጓደኞቼን ይዤ ብወርድስ?

አይውረዱ። ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ከመካከላቸው በወንዝ የሚራቡት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይከማቻሉ። እርስዎ ያዩት ይህንን ክምችት ነው፤ የመብዛታቸው ምልክት አይደለም። ሐይቁ ላይ የተደረገ ክትትል እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ቁጥር በ75 በመቶ ገደማ መውረዱን አሳይቷል፤ አንዱ ትልቅ ምክንያትም ለመራባት የተሰበሰበውን ዓሣ ወንዝ አፍ ላይ በመረብ መዝጋት ነው። እንቁላል የያዘች ዓሣ በመንጠቆ ተይዛ ብትለቀቅም ጉልበቷን ጨርሳ ነው የምትሄደው። በዚህ ወቅት ናሙና ካስፈለገ ባሕር ዳር ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል በራሱ ባለሙያና ፈቃድ ይሠራዋል። መርዳት ከፈለጉ አስቀድመው እነሱን ያነጋግሩ፤ ይህንን በጥብቅ ነው የምለው።

የነጭ ዓሣ ዝርያዎቹን መለየት አቃተኝ። በግምት ልጻፍ?

በግምት አይጻፉ። «ነጭ ዓሣ» ብለው ፎቶውን ያያይዙ፤ ባለሙያው በኋላ ይለየዋል። የተሳሳተ ስም ግን መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም አያገኘውም። ዓሣውን ጭንቅላቱ ወደ ግራ ሆኖ ጣውላው ላይ ያስተኙት፤ ሜትሩ ይታይ፣ የጀርባው ክንፍ ይዘርጋ፣ ጥላ ውስጥ ይነሳ። ሁለተኛው ፎቶ አፉን ከቅርብ የሚያሳይ ይሁን። አፉ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሚከፈተው? ከንፈሩ ወፍራም ነው? ጢሙ ምን ያህል ይረዝማል? ዝርያው የሚለየው በአብዛኛው በእነዚህ ነው። ካሜራውን ያዘጋጁት ዓሣው ገና ውሃ ውስጥ እያለ ነው፤ ከውሃ ውጭ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይቆይ። የመንጠቆውን ጥርስ በፒንሳ ከደፈጠጡት ማላቀቁ የአፍታ ሥራ ነው። ለዘረመል ምርመራ ክንፍ መቁረጥ የሠለጠነ ሰው ሥራ ስለሆነ አይሞክሩት።

ውሃ ውስጥ ቆሜ ሳጠምድ ከዋልኩ በኋላ እግሬን አሳከከኝ። ቅባት ይበቃል?

አይበቃም። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ከውሃ በቆዳ በኩል የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ፣ አለ። ማሳከኩ በጥቂት ቀን ቢጠፋም ትሉ ሰውነት ውስጥ እያደገ ሊሆን ይችላል። እንቁላሉ በሰገራ ምርመራ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት «የለብህም» መባል ማረጋገጫ አይደለም። ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ መቼና የት ውሃ ውስጥ እንደቆሙ ይንገሯቸው። የቢልሃርዚያን መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴልን፣ ገዝተው በራስዎ አይዋጡ፤ ገና ያላደገውን ትል በደንብ ስለማይገድል የሚሰጥበትን ጊዜ የሚወስነው ባለሙያው ነው። እስከዚያው ዳር ላይ ሆነው ያጥምዱ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ፖቶማክ ወንዝ ላይ የያዝኩት ዓሣ ጎኑ ላይ የፕላስቲክ ክር ነበረው። ልንቀለው?

ክሩ ተመራማሪዎች ዓሣው ላይ የሚያስሩት ቁጥር ያለው መለያ ነው። መጀመሪያ የበቀለበትን አልጌ በአውራ ጣትዎ ጠርገው ቁጥሩን ይቅዱ፣ ፎቶ ያንሱት፣ ርዝመቱንና የያዙበትን ቦታ ይጻፉ። ክሩ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ የሚለው እንደ ጥናቱ ይለያያል፤ መለያው ላይ ስልክ ስለሚኖር ይደውሉላቸው። ዓሣውን ሊለቁት ከሆነና መለያው ላይ ምንም ትእዛዝ ካላዩ አይንኩት፤ ነገ ሌላ ሰው ሲይዘው ያው ቁጥር ያስፈልጋል።