ወደብ በሌለው አገር የወደብ ብክለትን መለካት ሙያ ይሆናል?

ውድ ጠያቂዬ፣ የሎጂስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪዎን ለመጨረስ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ እንደቀረዎት፣ ጅቡቲና የአካባቢው ወደቦች ከአካባቢ ጥበቃ አንጻር ያላቸውን ብቃት ለመለካት እንዳሰቡ፣ ሆኖም አማካሪ መምህርዎ «ወደብ ለሌላት አገር ይህ ምን እንጀራ ይሆናል?» ብለው እንዳሳሰቡዎት ጽፈውልኛል። ርዕሱን አይተዉት። የሚጀምሩበትን ቦታ ግን ይለውጡ።

በደብዳቤዎ ላይ አስቀድመው ለመማር ያቀዱት ዳታ ኢንቨሎፕመንት አናሊሲስ የተባለውን ስሌት የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ቻርንስ፣ ኩፐርና ሮድስ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረቡት ይህ ዘዴ የየወደቡን ግብዓት፣ ማለትም መርከብ የሚጠጋበትን ዳርቻ ርዝመት፣ ክሬኑን፣ ነዳጁንና ኤሌክትሪኩን፣ ከተስተናገደው ኮንቴይነር ጋር አገናዝቦ ለእያንዳንዱ ወደብ ከዜሮ እስከ አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ የካርቦን ልቀትን «የማይፈለግ ውጤት» ብለው ጨመሩበት። መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ትጉ ተማሪ በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል፣ ቀጣሪም በእሱ ብቻ አይቀጥርም። ሙያው ያለው ወደ ሶፍትዌሩ የሚገባው የልቀት ቁጥር ከየት እንደመጣ በማወቅ ላይ ነው።

በዚህ ዘርፍ የተጻፉ ጽሑፎችን ሳነብ ደጋግሞ የሚያሳዝነኝ አንድ ስሕተት አለ። ጸሐፊው የወደቡን ልቀት የሚያሳይ መረጃ ሲያጣ የኮንቴይነሩን ብዛት በአንድ ቋሚ ቁጥር አባዝቶ «ልቀቱ ይህ ነው» ይላል። እንዲህ ከሆነ በአንድ ኮንቴይነር የሚወጣው ጭስ በሁሉም ወደብ እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ስሌት ሁሉ መጀመሪያ የገባውን ግምት መልሶ ከማሳየት በቀር ስለ ወደቦቹ ንጽሕና አንዳች አይናገርም።

ስለዚህ ከመርከቡ ይጀምሩ። ወደብ ላይ የታሰረ መርከብ ዋና ሞተሩን ቢያጠፋም ለመብራት፣ ለፓምፕና ለማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ረዳት ሞተሮቹን ያሠራል። ለምሳሌ 1,000 ኪሎ ዋት የሚጠቀም መርከብ 24 ሰዓት ቢቆም 24,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት በግምት 0.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብንይዝ ወደ 17 ቶን ይጠጋል። ጭነቱ በፍጥነት ተራግፎ መርከቡ በ16 ሰዓት ቢሄድ ግን 11 ቶን ገደማ ይሆናል። የሥራ ቅልጥፍናና የአየር ንጽሕና የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ የእርስዎም ጽሑፍ መቆም ያለበት በዚህ ላይ ነው። ለአቆጣጠሩ ልምምድ የሎስ አንጀለስ ወደብ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያወጣውን የልቀት ቆጠራ ያንብቡ፤ መርከቦችን፣ የወደብ ጀልባዎችን፣ የጭነት ማንሻዎችን፣ ባቡሮችንና ከባድ መኪኖችን ለየብቻ ይቆጥራል፣ ስሌቱንም አይደብቅም።

በስሌቱ ከፍተኛውን ነጥብ፣ ማለትም «አንድ»ን፣ ማግኘት ንጹሕ መሆን እንዳልሆነም ልብ ይበሉ፤ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የበለጠው የለም ማለት ብቻ ነው። ጅቡቲን፣ በርበራን፣ ሞምባሳንና ዳሬሰላምን ብቻ በአምስት መለኪያ (ግብዓትና ውጤት ተደምሮ) ቢያወዳድሩ አራቱም አንድ ሊያገኙ ይችላሉ። የወደቦቹ ቁጥር ቢያንስ የመለኪያዎቹ ሦስት እጥፍ ቢሆን ይመከራል፤ ስለሆነም መለኪያዎቹን ይቀንሱ፣ የበርካታ ዓመታት መረጃም ይጠቀሙ።

ወደ እንጀራው ስመለስ፣ በአዲስ አበባ «የወደብ አካባቢ ባለሙያ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም፤ ተስፋ ሰጥቼ ላሳስትዎ አልፈልግም። ማመልከቻዎን በሎጂስቲክስ ባለሙያነት ያስገቡ፤ የልቀት ቆጠራው ከሌሎች አመልካቾች የሚለይዎት ይሁን። የገቢና ወጪ ንግዳችን አብዛኛው በጅቡቲ ያልፋል፣ አገራችንም የራሷ መርከቦች አሏት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ወደቦቹን የሚረግጡ ትልልቅ መርከቦች ለሚለቁት ካርቦን እንዲከፍሉ አድርጓል፤ ከ2030 ጀምሮ ደግሞ በዋና ዋና ወደቦቹ የሚቆሙ የኮንቴይነርና የመንገደኛ መርከቦች ኤሌክትሪክ ከየብስ እንዲወስዱ ይገደዳሉ። ይህ ሁሉ በሚገባ ቆጥሮ ሪፖርት የሚያደርግ ሰው ይፈልጋል፤ የመርከብ ድርጅቶች፣ ሪፖርቱን የሚያረጋግጡ ተቋማትና ለወደብ ግንባታ የሚያበድሩ ባንኮች እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ፕሮፖዛልዎን ከማስገባትዎ በፊት የወደቡን አስተዳደር በደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ በአንድ ወር ውስጥ የገቡትን መርከቦች ስም፣ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት። ከሁለት ወር ጥበቃ በኋላም ካልተሰጠዎት ጥናቱን ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያዙሩት፤ በዚያ መርከቡን የሚተካው ተራ የሚጠብቀው ተሳቢ ነው፣ የሚቆጠረውም በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ የቆመበት ሰዓትና ኮንቴይነር የሚያነሡት ማሽኖች የሚፈጁት ናፍጣ ነው፤ የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥም።