ስድቡ የወጣለት ዘፈን፦ ለወጣት የዘፈን ደራሲዎች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግጥምና ዜማ ለምትደርሱ፣ ለምታቀናብሩና በትንንሽ ስቱዲዮዎች ድምፅ ለምትቀርጹ ወጣቶች ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ባለሙያ ሆኜ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከሥራዬም አንዱ በቀን ሊተላለፍ የማይችል ቃል ያለበትን ዘፈን ለአየር ማብቃት ነበር። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ «ከልባችን የወጣውን ቃል ለሬዲዮ ብለን ለምን እንለውጣለን? ራስን መካድ አይሆንም ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩበት ጉዳይ ስለሆነ አዎ ወይም አይደለም ብዬ ብቻ ላልፈው አልፈለግሁም፤ የማምንበትን በአንድ የታወቀ ዘፈን አማካይነት ባስረዳችሁ ይቀለኛል።

ዘፈኑ አሜሪካዊው ድምፃዊ ሲሎ ግሪን እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2010 ያወጣው የመለያየት ዘፈን ሲሆን ሁለት ርዕስ አለው። የመጀመሪያው ርዕስ ሁለት ቃል ነው፤ አንደኛው በእንግሊዝኛ ከጸያፍ ቃላት ሁሉ የታወቀው ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ለሬዲዮ የተሰጠው ሁለተኛው ርዕስ «ፎርጌት ዩ» ይባላል፤ ቃል በቃል ከመርሳት ጋር የተያያዘ ቢሆንም በአሜሪካኖች የአነጋገር ልማድ «ወግድልኝ» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሰው የሚወዳት ልጅ ከሌላ ሰው ጋር በመኪና በከተማው ስትዘዋወር ያያል፤ በእርሱ ኪስ ያለው ሳንቲም እንዳልበቃት ይረዳል፤ ሀብታም ብሆን ኖሮ ዛሬም አብሬሽ በሆንኩ እያለ ይቆጫል፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ሰውየውንም እርሷንም ይሳደባል።

ሙዚቃው ግን የተሳዳቢ ሰው ሙዚቃ አይመስልም። ከድምፃዊው ጋር ዘፈኑን የጻፉት ብሩኖ ማርስ፣ ፊሊፕ ሎረንስ፣ አሪ ሌቪንና ብሮዲ ብራውን ሲሆኑ፣ ቅንብሩን የ1960ዎቹን የሶል ሙዚቃ እንዲያስታውስ አድርገው በፒያኖ፣ በጭብጨባ በሚመስል ምትና በሴት ተቀባዮች ድምፅ ሠርተውታል። ሲሎ ግሪን ያደገው በአትላንታ ነው፤ ወላጆቹ ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ነበሩ፤ ድምፁን ስትሰሙ ያ አስተዳደግ ከጉሮሮው እንዳልወጣ ትረዳላችሁ። ብሩህ ዜማ፣ የመዘምራን የሚመስል አጀብ፣ በመካከሉ ደግሞ ያ ቃል፤ ብዙ ሰው በመጀመሪያ ሲሰማው ፈገግ ያለው በዚህ አለመመጣጠን ነው። እኔም ፈገግ ብያለሁ። ሥራዬ ስለሆነ ግን ደግሜ ደጋግሜ ሰማሁት፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ጊዜ ላይ ፈገግታው ቀረና አንድ ነገር አስተዋልሁ።

ከዘፈኑ መጨረሻ አካባቢ ዜማው የሚለወጥበት ክፍል አለ። እዚያ ሰውየው ስድቡን ትቶ ለምን እንዲህ ታቆስይኛለሽ ይላል፤ ሐዘኑን ለእናቱ ሊያዋያት እንደ ሞከረ ይናገራል፤ በመጨረሻም ድምፁ ወደ ልቅሶ ተጠግቶ አሁንም እወድሻለሁ ብሎ ይጮኻል። በዚህ ክፍል ጸያፍ ቃል የለም። ስለዚህ በሁለቱም ቅጂ፣ በሬዲዮውም ሆነ በመጀመሪያው፣ ያው ነው። የዘፈኑ ልብ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አዝማቹ ላይ ያለው ስድብ ይህን ልብ የሚሸፍን ልብስ ነው። ገንዘብ የሌለው፣ የተተወ፣ ሊያስፈራራ እንኳ አቅም የሌለው ሰው በእጁ የቀረው ምላሱ ብቻ ነውና በምላሱ ይማታል። ስድቡ ቢወጣ ሰውየው ልብሱን ያጣል እንጂ ልቡን አያጣም። ልጆቼ፣ የሬዲዮ ቅጂ ስትሠሩ የምታውቁት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ስድቡ ሲነሣ ከበታቹ አንድ ሰው ቆሞ ይገኛል ወይስ ባዶ ቦታ ይቀራል?

ወደ ሕጉ ልለፍ፤ ብዙዎቻችሁ የተሳሳተ ግምት አላችሁና። በአሜሪካ ስድብ በሬዲዮ ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም። የተከለከለው ልጆች ሊያዳምጡ በሚችሉበት ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት። መሠረቱ አንድ የታወቀ የፍርድ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በኒው ዮርክ የሚገኝ ደብልዩ ቢ ኤ አይ የተባለ ጣቢያ የኮሜዲያን ጆርጅ ካርሊንን በስድብ ቃላት ላይ ያተኮረ ንግግር ከሰዓት በኋላ አስተላለፈ፤ ከልጁ ጋር በመኪና ሲጓዝ የሰማ አንድ አባት ለመንግሥቱ የመገናኛ ኮሚሽን አቤት አለ፤ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 በአምስት ድምፅ ለአራት ኮሚሽኑ ረታ። በ2006 በወጣው ሕግ ደግሞ ለአንድ ጥፋት የሚጣለው ከፍተኛ ቅጣት ወደ 325,000 ዶላር አደገ። በማጫወቻው ፊት ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ይህን ቁጥር እያሰበ ነው ጣቱን የሚያንቀሳቅሰው። ኢንተርኔት ግን በዚህ ሕግ ሥር አይደለም፤ የሲሎ ግሪን ዘፈን መጀመሪያ የወጣው በዩቲዩብ፣ ግጥሙ ብቻ በቀለማት ላይ እየተጻፈ በሚታይበት ቪዲዮ መሆኑም በዚህ ምክንያት ትርጉም ነበረው። ሕዝቡ ቃሉን አስቀድሞ ሰማ፤ ሬዲዮው ከኋላ ተከተለ።

አሁን ስለ እጅ ሥራው ልንገራችሁ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትቆጡኝ።

እኔ ሥራ ስጀምር በ1980ዎቹ ድምፅ የምንቆርጠው በምላጭ ነበር። ለጥሩ ጥራት የሚሽከረከረው ቴፕ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ስለዚህ የሰከንድ አምስተኛ የሚወስድ አጭር ስድብ ቴፑ ላይ የአንድ ጣት ያህል ርዝመት አለው። ቴፑን በእጃችን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀስን የቃሉን መነሻ በጆሮ እንፈልግና በሰም እርሳስ ምልክት አድርገን እንቆርጠዋለን። መቁረጡ ቀላል ነው፤ ችግሩ ከቃሉ ጋር ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ፒያኖውም አብረው መቆረጣቸው ነው። ቁራጩን ጥለን ሁለቱን ጫፍ ብናገናኝ ምቱ ይዘልላል፤ በቦታው ባዶ ቴፕ ብናስገባ ዘፈኑ በድንገት ይሞትና መልሶ ይነሣል፤ ቁራጩን ገልብጠን ብንለጥፈው ቃሉ አይለይም፣ ግን ሙዚቃው ሁሉ ወደኋላ ይሳባል። በቃሉ ቦታ «ቢፕ» የሚል ድምፅ ማስገባት ከሁሉም የከፋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ የፍቅር ዘፈን ላይ ባዶ ቴፕ አስገብቼ በሥራዬ ተደስቼ ነበር። በዚያው ቀን አንዲት እናት ደውላ የሰባት ዓመት ልጅዋ «ሰውየው ምን ሊል ነበር?» እያለ እንዳስቸገራት ነገረችኝ። ቃሉን ትቼው ቢሆን ኖሮ ልጁ ምናልባት አያስተውለውም ነበር፤ እኔ ባዶ ቦታ ፈጥሬ ጣቱን ወደዚያ እንዲቀስር አደረግሁት። ያ የስልክ ጥሪ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመሰረዝና በመተካት መካከል ያለውን ልዩነት አልዘነጋሁም።

«ፎርጌት ዩ» የተተካ እንጂ የተሰረዘ ዘፈን አይደለም። ድምፃዊው ራሱ ስቱዲዮ ገብቶ አዲሱን ቃል ዘፍኖታል። ምርጫውን ተመልከቱ። ሁለቱም ቃላት በ«ፍ» ይጀምራሉ፤ የታችኛው ከንፈር ወደ ላይኛው ጥርስ ተጠግቶ ትንፋሽ የሚወጣበት ያ ድምፅ፣ የንዴት ድምፅ፣ በቦታው ቀርቷል። አዲሱ ቃል በአንድ ቀለም፣ ማለትም በአንድ ክፍለ ቃል፣ ይረዝማል፤ ስለዚህ ድምፃዊው የመጀመሪያውን ቀለም በፍጥነት አሳጥሮ ኃይሉን በሁለተኛው ላይ ማሳረፍ አለበት። ዜማው አልተጎዳም። ትርጉሙ ግን ተለውጧል፤ ለእኔ ከዘፈኑ ሁሉ የሚያስገርመኝም ይህ ነው። በመጀመሪያው ቅጂ የምንሰማው የተቆጣ ሰው ነው። በሬዲዮው ቅጂ «መርሳት» የሚል ቃል የሚደጋግም ሰው እንሰማለን፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያው ሰው አሁንም እወድሻለሁ ብሎ ያለቅሳል። መርሳት ያቃተው ሰው ስለ መርሳት ሲጮኽ መስማት ስድቡን ከመስማት ይልቅ የሚያሳዝንባቸው ቀኖች አሉኝ።

በአማርኛ ለምትጽፉ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛው «ዩ» ወንድ ወይም ሴት አይለይም፤ በዚህ አዝማች ውስጥ ንግግሩ ከባለ መኪናው ይጀምርና ሳይታወቅ ወደ ልጅቷ ይዞራል፤ አድማጩም ማን እንደ ተሰደበ በትክክል ሳያውቅ አብሮ ይዘፍናል። እኛ ይህን ማድረግ አንችልም። «ወግድልኝ» ካልን እርሱን ነው፤ «ወግጂልኝ» ካልን እርሷን ነው፤ ግሱ ራሱ ያጋልጠናል። ስለዚህ በአማርኛ የመለያየት ዘፈን ስትጽፉ ቁጣችሁ ማንን እንደሚመታ ከመጀመሪያው ፊደል መወሰን አለባችሁ። ከባድ ነው፤ ግን ገንዘቡን ያሳየውን ትታችሁ ልጅቷን ብቻ ከሰደባችሁ አድማጭ ወዲያው ይይዛችኋል፤ መያዙም ተገቢ ነው።

የተተካው ቅጂ የት እንደ ደረሰ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 በብሪታንያ አንደኛ ሆነ፤ በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ በ2011 ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። በኖቬምበር 2010 ተዋናይቷ ግዊነዝ ፓልትሮው በ«ግሊ» የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ የሬዲዮውን ቅጂ ዘፈነችው። በፌብሩዋሪ 2011 በግራሚ ሽልማት ምሽት ደግሞ ሲሎ ግሪን ከእርሷና ከአሻንጉሊቶች ጋር መድረክ ላይ አቀረበው፤ ዘፈኑ ለዓመቱ ምርጥ ሥራዎች ሲታጭ በመድረኩ ላይ «በሌላ ስሙ ፎርጌት ዩ የሚባለው ዘፈን» እየተባለ ነበር የሚጠራው፤ በአንድ ዘርፍም አሸንፏል። ልጆች የሚወዷቸው አሻንጉሊቶች አጅበውት የተዘፈነው ያው የተተወ ሰው ሐዘን ነው።

ሆኖም ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ የሚጠፋ ነገርም አለ። ያ የመጀመሪያው ድንጋጤ፣ ከዚያ ብሩህ ዜማ ውስጥ ያ ቃል በድንገት ሲወጣ የሚሰማው ነገር፣ በሬዲዮው ቅጂ የለም። ሁሉም ዘፈን ይህን ኪሳራ ይችላል ማለትም አይደለም። ስለ ግፍ፣ ስለ ድብደባ፣ ስለ ውርደት የሚዘፍን ሰው የተሰደበበትን ቃል ራሱን ማሰማት የሚያስፈልገው ጊዜ አለ፤ ቃሉ ምስክርነት ነውና መተካት ምስክሩን መለወጥ ይሆናል። እንደዚያ ያለ ዘፈን ካላችሁ የሬዲዮ ቅጂ አትሥሩ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይተላለፍ፣ ካልሆነም በሌላ መንገድ ሕዝቡ ጋ ይድረስ፤ የሚመጣውንም ኪሳራ ዐውቃችሁ ተቀበሉ። በሐቀኝነት ራሳችሁን ስትጠይቁ ግን ከምትጽፉት አብዛኛው እንደዚህ እንዳልሆነ ታገኙታላችሁ። እኔ በእጄ ካለፉት መቶዎች ዘፈኖች ቃሉን ሳወጣ ምስክርነቱ የወጣባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በብዙዎቹ የወጣው ቃል ስንፍናን ሸፍኖ የቆመ ነበር፤ ደራሲው የተሻለ ስንኝ ሳይፈልግ የተወበት ቦታ።

ስለዚህ በሥራ ላይ እንዲህ አድርጉ። መተኪያውን ቃል ግጥሙን ስትጽፉ ጻፉት፤ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ለሌላ ሰው አትተዉት፤ ያ ሌላ ሰው እንደ እኔ ያለ በምሳ ሰዓት የሚቸኩል ባለሙያ ነው፤ ግጥማችሁንም እንደ እናንተ አይወደውም። ቃሉን ስትመርጡ የመጀመሪያ ፊደሉን ድምፅ፣ የቀለሙን ብዛት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእርሱ በኋላ ከሚመጣው ስንኝ ጋር የሚፈጥረውን ትርጉም መርምሩ። የሬዲዮውን ቅጂ በዚያው ቀን፣ በዚያው ማይክ ፊት፣ ጉሮሯችሁ ሳይቀዘቅዝ ቅረጹት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የተቀረጸ አንድ ቃል በድምፁ ቀለም ይታወቃል፤ አድማጭ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንደ ተለጠፈ ይሰማዋል። የድምፃችሁን ትራክ ከሙዚቃው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ነገ አንድ ቃል ማንሣት ቢያስፈልግ ከበሮው አብሮ እንዳይሞት። ሁለቱንም ግጥም በወረቀት ጎን ለጎን ጽፋችሁ ለማታውቁት ሰው አንብቡለት፤ የትኛው እንደ ተቀየረ ሊለይ ካልቻለ ሥራችሁ ተሳክቷል።

ሥራችሁን የምትልኩልኝ ካላችሁ በደስታ እሰማለሁ፤ ጡረታ ላይ ስለሆንኩ ጊዜ አለኝ። ሁለቱንም ቅጂ ላኩልኝ፤ መጀመሪያ የምከፍተው ግን ስድቡ የወጣለትን ነው፤ ሌላኛውን ለመስማት የሚያጓጓኝ ከሆነ ወዲያው እጽፍላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ