መልስ፦ ለታችኛው ሊግ ጨዋታ ሜዳ ድረስ መሄድ ያዋጣል?

«ትልልቆቹን ሊጎች በቴሌቪዥን እያየሁ ለታችኛው ሊግ ሜዳ ድረስ መሄድ ምን ይጠቅመኛል?» ላልከው፣ እኔ ሂድ ነው የምልህ። ጥሩ ኳስ ታያለህ ብዬ ግን አልዋሽህም። ኳሷ ብዙ ጊዜ አየር ላይ ናት።

ቀደም ብለህ ግባ። ተመልካቹ ጥቂት ስለሚሆን ሁሉም ነገር ይሰማሃል። በረኛው ተከላካዮቹን ሲቆጣ፣ አሰልጣኙ ሲጮህ፣ ሁለት ተጫዋቾች ሲጋጩ ሳይቀር። ይህን ቴሌቪዥን አይሰጥህም።

መቀመጫ ከመረጥክ እኔ ከጎሉ ጀርባ መሆን እወዳለሁ። 7.32 ሜትር ስፋት ያለው ጎል ከዚያ ሲታይ እንዴት ይሳታል ያሰኛል። ግን ይሳታል! ኦፍሳይድ ላይ መከራከር የምትወድ ከሆነ ደግሞ ከመከላከያው መስመር ትይዩ ተቀመጥ።

ስልክህን ኪስህ ክተት። በዚህ ደረጃ ቫር (ዳኛውን በቪዲዮ የሚረዳው አሠራር) አብዛኛውን ጊዜ የለም፣ ድጋሚ የሚያሳይ ስክሪንም እንደዚያው። እኔ አንዴ መልእክት ስጽፍ የጨዋታው ብቸኛ ጎል አመለጠኝ። ዙሪያዬ ያለው ሁሉ ሲዘል እኔ «ማን አገባ?» እላለሁ። አጠገቤ የነበሩት አባት በ15 ደቂቃው እረፍት አገባቡን በእጃቸው እየሳሉ አስረዱኝ። ከእሳቸው ጋር እስካሁን አብረን ነው የምናየው።

አዎ፣ የእንግዳውን ቡድን ቀለም ለብሰህ ባለሜዳዎቹ መሃል እንዳትቀመጥ።