የወጣላችሁ ስም

ለወጣት አንባቢዎቼ፣

ጡረታ የወጣሁት ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ነው። መምህር ደግሞ ስም ሳይወጣለት አይቀርም። እኔ ሰሌዳው ላይ “ኤክስ አምስት ነው እንበል” ማለት አበዛ ስለነበር “እንበል” ተባልኩ። መጀመሪያ ሰሞን ከንክኖኝ ነበር። ኮሪደሩ ላይ “እንበል መጣ!” ይባልና ሁሉም ወደየዴስኩ ሲሮጥ እሰማለሁ። እያደር ሳስበው ግን ስሙ የመጣው ከሥራዬ እንጂ ከቁመቴ ወይም ከአረማመዴ አይደለም። ዛሬ ባንክ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንድ ጎልማሳ “ጋሽ እንበል!” ብሎ ሲያቅፈኝ ደስ ይለኛል።

ቅጽል ስም ሁሉ ነውር ነው የሚል ሰው አገሩን አያውቅም። የፈረስ ስሞቹን እዩ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራል፣ ይሞገሳል፣ ይፎከርለታል። ምሩፅ ይፍጠርንም አስቡት። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ኦሎምፒክ ላይ 5 ሺህ እና 10 ሺህ ሜትሩን ሁለቱንም አሸነፈ። መጨረሻ ላይ ድንገት ሲፈተለክ የሚደርስበት አልነበረም፤ “ማርሽ ቀያሪው” ያሰኘውም ይኸው ነው። ራሰ በራም ነበር። ስሙ ግን ከዚያ አልወጣም።

ነገሩ የሚበላሸው ስሙ ሰውየው ሊለውጠው ከማይችለው ነገር ሲወጣ ነው። ሲናገር አንደበቱ የሚያዝበት ተማሪ ነበረኝ። “ሬዲዮ” ይሉታል፤ ጣቢያው የሚቆራረጥ ማለታቸው ነው። ሲጠሩት አብሯቸው ይስቃል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን የእሱ ሳቅ ከእነሱ ይቀድማል። ስሙ ገና ከአፋቸው ሳይወጣ ጥርሱ ይገለጣል። ክፍል ውስጥ ደግሞ እጁን አያወጣም። ደብተሩን ሰብስቤ ሳርም ሁሉንም አግኝቶታል።

ስለዚህ “ኧረ እሱ አይከፋውም፣ ራሱም ይስቃል” የምትሉትን ነገር እኔ አልቀበላችሁም። መሳቁን ሳይሆን መቼ እንደሚስቅ እዩ።

ቴዲ፣ ሚኪ፣ ቤቲ የሚባለው ቁልምጫ ሌላ ነው፤ እሱ የፍቅር ነው። ያም ቢሆን ቦታ አለው። ቤት ውስጥ ማሚቱ የምትባል ልጅ መሥሪያ ቤት በዚያ ስም መጠራት ላትፈልግ ትችላለች። አለቃ ሆናችሁ “ማሚቱ፣ ያንን ፋይል አምጪ” ስትሉ ደግሞ ቁልምጫነቱ ያበቃል። (ስልካችሁ ውስጥ “ሳሚ ቧንቧ”፣ “አስቴር ቅቤ” ብላችሁ መመዝገባችሁን አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነኝ። ሰዎቹ ስክሪኑን እንዳያዩት ብቻ ተጠንቀቁ።)

ያልወደዳችሁት ስም ከወጣላችሁ ሳይውል ሳያድር ተናገሩ። ሰው በተሰበሰበበት አትቆጡ፤ መናደዳችሁን ካዩ ጭራሽ ይብስባቸዋል። ስሙን ያወጣውን ወይም ድምፁ ጎላ የሚለውን ለብቻው ያዙትና “ይሄ ነገር አልተመቸኝም፣ በስሜ ጥራኝ” በሉት። እሱ ከተወው አብዛኛው ይተወዋል። ያ ተማሪዬም እንዲህ ነው ያደረገው። አንዱ ግን ማትሪክ እስኪፈተኑ ድረስ አልለቀቀውም፤ እንዲህ ያለም አይጠፋም።

አዲስ ሥራ ስትገቡ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን መጠራት በምትፈልጉት ስም ራሳችሁን አስተዋውቁ። የድሮ ጓደኛችሁ ቀድሞ ተቀጥሮ ካልጠበቃችሁ በቀር የቀድሞውን ማንም አያውቅባችሁም። ከጠበቃችሁም ማኪያቶ ጋብዙትና ለሌሎቹ ሳያወራ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።